ይሉኝታ ባንክ ሲያፈርስ፦ ቁጥጥር፣ ደኅንነትና አመራር በአሜሪካ የማኅበረሰብ ባንኮች

በ2025 የመጨረሻ ወራት ከዋሽንግተን የተሰሙት የባንክ ዜናዎች እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ይመስሉ ነበር። ብሔራዊ ባንኮችን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ በራሱ ፖሊሲ ያስቀመጣቸውን ቋሚ የምርመራ ግዴታዎች ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ለማኅበረሰብ ባንኮች እንደሚያስቀር አስታወቀ። ተቆጣጣሪዎቹ በጋራ ደግሞ ለእነዚህ ባንኮች የተዘጋጀው ቀለል ያለ የካፒታል መለኪያ ከ9 በመቶ ወደ 8 በመቶ እንዲወርድ ሐሳብ አቀረቡ። በዚያው ዓመት አንድ ሪፐብሊካንና አንድ ዴሞክራት ሴናተር፣ ባንክ ቢወድቅ ለአስቀማጮች የሚከፈለው የመድን ጣሪያ፣ ወለድ በማይከፈልባቸው የንግድ ሂሳቦች ላይ ከ250 ሺህ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ከፍ እንዲል ረቂቅ ሕግ ይዘው መጡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ዜናዎቹን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ትናንሾቹ ባንኮች ቁጥጥሩ ቢላላላቸው የማያሰጋ ጤና ካላቸው፣ መድኑን አርባ እጥፍ ማሳደግ ለምን አስፈለገ? ደካሞች ከሆኑስ ቁጥጥሩ ለምን ይላላል? ለመመለስ የሚረዳው መንገድ እነዚህ ባንኮች በእርግጥ በምን እንደሚወድቁ ቀርቦ ማየት ነው። ቀርቦ ላየው፣ በቅርብ ዓመታት ከተዘጉት ትናንሽ ባንኮች መካከል በርከት ያሉትን ያፈረሳቸው የገበያ ማዕበል ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ የኮምፒውተር ሰርጎ ገብ አልነበረም። ሁሉም የሚያምነው፣ ማንም «ለምን?» ብሎ የማይጠይቀው አንድ ሰው ነበር።

የማኅበረሰብ ባንክ ሲባል

የማኅበረሰብ ባንክ የሚባለው በአንድ ከተማ ወይም በአጎራባች ወረዳዎች ከሚኖሩ ሰዎች ተቀማጭ ገንዘብ ሰብስቦ፣ እዚያው ላሉ ገበሬዎች፣ ነጋዴዎችና ቤት ገዢዎች የሚያበድር ባንክ ነው። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭ በመጠን ይለየዋል፤ ጠቅላላ ሀብቱ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በታች የሆነ ባንክ በዚህ ክፍል ይመደባል። የተቀማጭ ገንዘብ መድን የሚሰጠው የፌዴራል ኮርፖሬሽን፣ በምህፃሩ ኤፍዲአይሲ፣ ከ2012 ጀምሮ ከመጠኑ ይልቅ ጠባዩን ያያል፤ ማበደር ዋና ሥራው ነው ወይ፣ ገንዘቡን የሚያገኘው ከአካባቢው አስቀማጮች ነው ወይ፣ የሚሠራበት ክልል የተወሰነ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል።

እነዚህ ባንኮች ከትልልቆቹ የሚለዩት በመተዋወቅ ላይ በቆመ ብድር ነው። ትልቅ ባንክ ተበዳሪውን በኮምፒውተር በተሰላ ነጥብ ይመዝነዋል። የትንሽ ከተማ ባንክ ሠራተኛ ግን ተበዳሪውን ከነቤተሰቡ ያውቀዋል፤ ዝናብ በቀረበት ዓመት እንኳ ዕዳውን የሚከፍል ሰው መሆኑን ካለፈው ያስታውሳል። ኤፍዲአይሲ በ2020 ባወጣው ጥናት፣ የማኅበረሰብ ባንኮች ከአገሪቱ ጠቅላላ የባንክ ብድር የያዙት 15 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ለአነስተኛ ንግዶች ከተሰጠው ብድር ግን 36 በመቶው የእነሱ ነበር። ቁጥራቸው መመናመኑ ፖለቲከኞችን የሚያሳስበውም ለዚህ ነው። በ1984 ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ መድን የተገባላቸው ባንኮችና የቁጠባ ተቋማት ነበሩ። በ2024 መጨረሻ ትልልቆቹንም ጨምሮ የቀሩት ከ4 ሺህ 500 ያነሱ ነበሩ።

ይህ መተዋወቅ የባንኮቹ ትልቁ ሀብት ነው። የአደጋቸው ምንጭም እሱው ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ማን ይቆጣጠራቸዋል?

የአሜሪካ የባንክ ቁጥጥር ድርብ ነው። አንድ ባንክ ፈቃዱን ከፌዴራል መንግሥት ወይም ከግዛት ሊያወጣ ይችላል። ብሔራዊ ፈቃድ ያላቸውን በ1863 የተቋቋመው የገንዘብ ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት፣ በምህፃሩ ኦሲሲ፣ ይቆጣጠራል። የግዛት ፈቃድ ያላቸውን የግዛቱ ባንክ ኮሚሽነር ከፌዴራል ሪዘርቭ ወይም ከኤፍዲአይሲ ጋር እየተፈራረቀ ወይም አብሮ ይመረምራል፤ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ባንኩ የፌዴራል ሪዘርቭ አባል መሆን አለመሆኑ ነው። ኤፍዲአይሲ በ1933 የተቋቋመው በአራት ዓመታት ውስጥ ወደ 9 ሺህ የሚደርሱ ባንኮች ከተዘጉ በኋላ ነበር፤ መድኑም በ1934 በ2 ሺህ 500 ዶላር ጣሪያ ተጀመረ።

መርማሪዎቹ ባንኩን የሚመዝኑት በስድስት ነገሮች ነው። እነዚህም ካፒታል፣ የብድሮቹ ጥራት፣ አመራር፣ ገቢ፣ በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብና የወለድ መጠን ሲለዋወጥ ባንኩ የሚጋለጥበት ልክ ናቸው። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል፤ 1 ጥሩ፣ 5 የከፋ ነው። ከ3 ቢሊዮን ዶላር በታች ሀብት ያለውና ጥሩ ነጥብ ያገኘ ባንክ በሕግ ሙሉ ምርመራ የሚደረግበት በ18 ወር አንድ ጊዜ ነው፤ ሌላው በየ12 ወሩ ይመረመራል።

ካፒታል የሚለው ቃል በአደባባይ ንግግር ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ብዙዎች ባንኩ ካዝና ውስጥ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ጥሬ ገንዘብ ይመስላቸዋል። ካፒታል ግን ባለቤቶቹ ያዋጡትና ከትርፍ ያጠራቀሙት የራሳቸው ድርሻ ነው። ባንኩ ካለው 100 ዶላር ሀብት 91ዱ የአስቀማጮችና የሌሎች አበዳሪዎች ከሆነ፣ ቀሪው 9 ዶላር ካፒታል ይባላል። ኪሳራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚበላው ያ 9 ዶላር ነው፤ እሱ ካለቀ በኋላ የሚነካው የአስቀማጩ ገንዘብ ነው። በ2018 የወጣው ሕግ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በታች የሆኑ ባንኮች ውስብስቡን የካፒታል ስሌት ትተው በዚህ አንድ ቁጥር ብቻ እንዲለኩ ፈቀደላቸው፤ ምርጫው የባንኩ ነው። ልኩ ከ2020 ጀምሮ 9 በመቶ ሆኖ ተወሰነ፣ በወረርሽኙ ጊዜ ለአጭር ጊዜ ዝቅ ብሎ ተመለሰ። በ2025 መጨረሻ ወደ 8 ይውረድ የተባለው ይህ ነው።

ሸክሙ የፈጠራ አይደለም

ደንቡ ይቅለል የሚሉት ወገኖች የሚያቀርቡት መከራከሪያ በአግባቡ ሊታይ ይገባዋል። አንድ አዲስ የሪፖርት ግዴታ ሲመጣ፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ያሉት ባንክ ለዚያ የተለየ ክፍል ያቋቁማል። ሃያ ሠራተኛ ያለው ባንክ ግን የብድር ኃላፊውን ከደንበኞቹ ነጥቆ ቅጽ እንዲሞላ ያስቀምጠዋል። በ1970 የወጣው የባንክ ሚስጥር ሕግ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ የሆነ የጥሬ ገንዘብ ልውውጥ ሁሉ ሪፖርት እንዲደረግ ያዛል። ያ ጣሪያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከዋጋ ንረት ጋር ሳይስተካከል ቆይቷል፤ ያኔ ትልቅ የነበረው ገንዘብ ዛሬ የአንድ ያገለገለ መኪና ዋጋ ነው። ከ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ በኋላ የባንክ ቁጥጥርን ለማጥበቅ በ2010 የወጣው የዶድ-ፍራንክ ሕግም ያነጣጠረው በትልልቆቹ ላይ ቢሆንም፣ ፍንጣሪው ለቀውሱ ምክንያት ያልነበሩትን አግኝቷቸዋል።

የባንኮቹ ቁጥር የቀነሰው በደንብ ብዛት ነው የሚለው ግን ግማሽ እውነት ነው። መመናመኑ ከዶድ-ፍራንክ ሩብ ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ ጀምሯል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ1 ሺህ 600 በላይ ባንኮች ወደቁ። በ1994 ባንኮች በግዛቶች ወሰን ተሻግረው ቅርንጫፍ እንዲከፍቱ ሲፈቀድ ብዙዎቹ ተዋሐዱ። ከ2008 እስከ 2013 ባለው ጊዜም 500 ያህል ባንኮች ተዘጉ፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ የወደቁት ለቤትና ለሕንፃ ግንባታ ከአቅማቸው በላይ አበድረው ነው። ደንቡ በእርግጥ የጎዳው አዲስ ባንክ ማቋቋምን ይመስላል። ከቀውሱ በፊት በየዓመቱ በመቶ የሚቆጠሩ ይከፈቱ ነበር፤ ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ሆኑ።

ስለዚህ ማቅለሉን በጅምላ መቃወም ትክክል አይሆንም። ቁም ነገሩ ምን እንደሚቀልል መለየት ነው። ጊዜ የሚበላ ቅጽ አለ፤ ዓይን ሆኖ የሚያይ ደንብም አለ። በዋሽንግተኑ ክርክር ሁለቱ «ሸክም» በሚል አንድ ስም እየተጠሩ አንድ ላይ ተጠቅልለዋል። የሚከተለው ታሪክ ልዩነቱን ያሳያል።

ኤልክሃርት፣ ካንሳስ

ኤልክሃርት በካንሳስ ግዛት ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያለች፣ 2 ሺህ ሰው የማይሞላባት የገበሬዎች ከተማ ናት። የከተማዋ ሃርትላንድ ትራይ-ስቴት ባንክ 139 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሀብት ነበረው፤ ካፒታሉም የተሟላ ነበር። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በከተማዋ አንቱ የተባሉ፣ በአገር አቀፍ የባንኮች ማኅበር ውስጥም ኃላፊነት የነበራቸው ሰው ነበሩ።

በ2023 እኚህ ሰው የወንጀል መርማሪዎች «አድልቦ ማረድ» በሚሉት የማጭበርበር ዘዴ ተያዙ። አጭበርባሪዎቹ በመልእክት ተዋውቀው ቀስ በቀስ እምነት ያተርፋሉ፤ ሐሰተኛ የክሪፕቶ መገበያያ ገጽ ላይ ትርፍ እያሳዩ ተጎጂው ተጨማሪ ገንዘብ እንዲያስገባ ያደርጋሉ፤ በመጨረሻም ሁሉንም ወስደው ይሰወራሉ። ሰውየው የራሳቸውን ገንዘብ ከጨረሱ በኋላ ከአካባቢው ቤተ ክርስቲያንና ከአንድ የኢንቨስትመንት ማኅበር ወሰዱ። ከዚያም የባንኩን ገንዘብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በተደጋጋሚ ሐዋላ ላኩ። በድምሩ 47.1 ሚሊዮን ዶላር፣ ማለትም የባንኩ ጠቅላላ ሀብት አንድ ሦስተኛ ወጣ። ባንኩ ጁላይ 28 ቀን 2023 ተዘጋ። ሰውየው በ2024 ከ24 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደባቸው።

ለትንታኔ የሚጠቅመው ገንዘቡ እንዴት ከባንኩ በር ሊወጣ እንደቻለ ነው። ባንኩ የሐዋላ ፖሊሲ ነበረው፣ የዕለት ጣሪያም ነበረው። የሚያጸድቁ ሠራተኞችም ነበሩ። የፌዴራል ሪዘርቭ ዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት ጉዳዩን መርምሮ እንደደመደመው፣ ሠራተኞቹ የባንኩን የራሱን ፖሊሲና ጣሪያ እያለፉ የአለቃቸውን ትእዛዝ ፈጸሙ፤ ለዚህም ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሰውየው በባንኩ ውስጥ የነበራቸው የገዘፈ ሥልጣንና በከተማዋ የነበራቸው ክብር ነው።

ለዚህ ነገር አማርኛ ከብዙ ቋንቋዎች የተሻለ ቃል አለው፤ ይሉኝታ። በትንሽ ከተማ የሐዋላውን ወረቀት የያዘችው ሠራተኛ አለቃዋን እሑድ በቤተ ክርስቲያን ታገኘዋለች፤ የወንድሟን የእርሻ ብድር የፈቀደውም እሱ ነው። «ይህ ገንዘብ የት ይሄዳል?» ብላ ብትጠይቅ የምታጣው ሥራ ብቻ አይደለም። ሕጉ የባንክ ሠራተኛ ጥፋትን ለተቆጣጣሪ በማሳወቁ እንዳይባረር ይከለክላል። ሰዎች ሲያልፉ ፊታቸውን እንዳያዞሩባት የሚከለክል ሕግ ግን የለም። መተዋወቅ ብድርን ጥሩ የሚያደርገውን ያህል ቁጥጥርን ልፍስፍስ የሚያደርገው በዚህ መንገድ ነው።

የተቃጠሉት ሰነዶች

ኤልክሃርት ብቻዋን ብትሆን አጋጣሚ ነው ማለት ይቻል ነበር። በ2019 በቴክሳስ የኩፐር ከተማ ኢንሎ ስቴት ባንክ ውስጥ እሳት ተነሣ። ቃጠሎው ከቦርዱ መሰብሰቢያ ክፍል አልወጣም፤ የባንኩ ፋይሎች ጠረጴዛው ላይ ተከምረው ነበር። የግዛቱ የባንክ መሥሪያ ቤት መርማሪዎች ሊመጡ የነበረው በሚቀጥለው ሰኞ ነው። ባንኩ በወሩ መጨረሻ ተዘጋ፤ ፕሬዚዳንቷም በሐሰት ስም ብድር ሲፈጥሩ እንደነበርና እሳቱን እንደለኮሱ አመኑ። በኦክላሆማ የሊንድሴይ ፈርስት ናሽናል ባንክ በኦክቶበር 2024 ሲዘጋ፣ ኦሲሲ የባንኩን ትክክለኛ ሁኔታ የሚደብቁ ሐሰተኛ መዝገቦች ማግኘቱን ገለጸ። በጃንዋሪ 2025 ቺካጎ ውስጥ የተዘጋው ፑላስኪ የቁጠባ ባንክ ላይም ማጭበርበር ተጠርጥሯል።

ሁሉም ውድቀት ስርቆት አይደለም። በአዮዋ የሳክ ሲቲ ከተማ ሲቲዝንስ ባንክ በኖቬምበር 2023 የወደቀው ከሚያውቀው ክልል ውጪ ላሉ የጭነት መኪና ድርጅቶች አበድሮ ነው። ይህም ቢሆን የአመራር ጉዳይ ነው፤ ተበዳሪውን የማወቅ ጥቅሙን ይዞ የተፈጠረ ባንክ የማያውቀውን ተበዳሪ ፍለጋ ሲሄድ «ይቅር» የሚል ድምፅ በቦርዱ ውስጥ አልነበረም፤ ቢኖርም አልተሰማም።

አሁን ወደ ማቅለሉ እንመለስ። ሃርትላንድም ሊንድሴይም ከ500 ሚሊዮን ዶላር በታች ሀብት ስለነበራቸው፣ በኤፍዲአይሲ ደንብ ዓመታዊ የውጭ ኦዲት የማስደረግ ግዴታ አልነበረባቸውም። በኖቬምበር 2025 ኮርፖሬሽኑ ያንን ወሰን ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ከፍ አደረገው። በዚያው ወር ፌዴራል ሪዘርቭ ይፋ ባደረገው መመሪያ፣ መርማሪዎች ትኩረታቸውን በተጨባጭ የፋይናንስ አደጋዎች ላይ እንዲያደርጉ፣ በአሠራር ሂደትና በሰነድ አያያዝ ላይ ከመጠን በላይ እንዳይጠመዱ አሳሰበ። መመሪያውን የሚመሩት የቁጥጥር ምክትል ሊቀመንበሯ ሚሼል ቦውማን በካንሳስ በቤተሰባቸው የማኅበረሰብ ባንክ የሠሩ፣ ኋላም የግዛቲቱ የባንክ ኮሚሽነር የነበሩ ናቸው፤ የትንሽ ባንክን ችግር ከውስጥ ያውቁታል።

የማቅለሉ ደጋፊዎች የሲሊከን ቫሊ ባንክን በምሳሌነት ያነሣሉ። በማርች 2023 የወደቀው ይህ 209 ቢሊዮን ዶላር ሀብት የነበረው ባንክ በመርማሪዎች ብዙ ማስጠንቀቂያ ተጽፎለት ነበር፤ ማስጠንቀቂያዎቹ በሂደትና በሰነድ ላይ ሲያተኩሩ፣ የወለድ መጠን በጨመረ ቁጥር የባንኩ ቦንዶች ዋጋ እያጣ ነበር። መከራከሪያው ጠንካራ ነው፣ ለዚያ ዓይነት ባንክ። ለኤልክሃርት ዓይነቱ ግን ተገልብጦ ይሠራል። የሃርትላንድ የፋይናንስ ቁጥሮች እስከ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ድረስ ጤነኛ ነበሩ፤ አደጋው የነበረው በሂደቱ ውስጥ፣ ማለትም ሐዋላውን ማን ያዛል፣ ማን ያጸድቃል፣ አለቃ ጣሪያውን ሲያልፍ ለማን ይነገራል በሚለው ውስጥ ነበር። ካፒታሉ 9 ቢሆን 8 ቢሆን፣ አንድ ሦስተኛ ሀብቱን በሳምንታት ያጣን ባንክ አያድነውም። በእኔ ግምት ከአንድ በመቶ የካፒታል ቅናሽ ይልቅ የኦዲቱ ወሰን በእጥፍ ማደጉ የበለጠ ሊያሳስብ ይገባል፤ በዜናው ግን ብዙም አልተነሣም።

ከውጭ የሚመጣው አደጋ

ይህ ማለት የሳይበር ጥቃት ተራ ነገር ነው ማለት አይደለም። አብዛኞቹ የማኅበረሰብ ባንኮች ሂሳቦችን የሚመዘግበውን ዋና ሶፍትዌር ራሳቸው አይሠሩትም፤ ፊሰርቭ፣ ጃክ ሄንሪና ኤፍአይኤስ ከሚባሉ ሦስት ድርጅቶች በኪራይ ይጠቀማሉ። የአንዱ መናጋት በአንድ ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ ባንኮችን ሊነካ ይችላል። ትንሹ ባንክ ከእነዚህ ድርጅቶች ጋር ሲዋዋል የመደራደር አቅሙ ደካማ ነው፤ ኃላፊነቱ ግን በተቆጣጣሪ ፊት ያው የባንኩ ነው። በ2022 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ከባድ የኮምፒውተር ደኅንነት ችግር የገጠመው ባንክ በ36 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው እንዲያሳውቅ፣ አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶችም ባንኮቹን ሳይዘገዩ እንዲነግሩ ያስገድዳል። ይህ ዓይን የሚሆነው ዓይነት ደንብ ነው፤ ብዙ ወረቀትም አይጠይቅም።

ዕለት ተዕለት ባንኮቹን የሚያደማው ግን ዘመናዊ ያልሆነ ወንጀል ነው፤ የቼክ ማጭበርበር። ከፖስታ ሣጥን የተሰረቀ ቼክ በኬሚካል ታጥቦ የተቀባዩ ስምና መጠኑ ይቀየራል። ባንኮች ለመንግሥት የላኩት ከቼክ ጋር የተያያዘ የጥርጣሬ ሪፖርት በ2021 ከነበረበት 350 ሺህ ገደማ በ2022 ወደ 680 ሺህ አድጓል። የተጭበረበረው ቼክ በሌላ ባንክ ከተከፈለ፣ ገንዘቡን ለማስመለስ ትንሹ ባንክ ትልቁን ወራት ሊለምን ይችላል።

አንዳንድ የማኅበረሰብ ባንኮች ደግሞ ተቀማጭ ለማግኘት ሲሉ ስማቸውን ለፋይናንስ ቴክኖሎጂ ድርጅቶች ያከራያሉ። ደንበኛው በስልኩ የሚያየው የድርጅቱን መተግበሪያ ነው፤ ገንዘቡ ግን ከበስተጀርባ ባለ ባንክ ይቀመጣል። በኤፕሪል 2024 በመሐል የነበረው ሲናፕስ የተባለ ድርጅት ሲከስር፣ መዝገቡ ከባንኮቹ መዝገብ ጋር አልገጥም አለ፤ የጎደለው ከ65 እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሆን የኪሳራ አጣሪዋ ገመቱ። ብዙ ደንበኞች ገንዘባችን የመንግሥት መድን አለው ብለው ነበር። መድኑ የሚከፍለው ባንክ ሲወድቅ ነው፤ አገናኝ ድርጅት ሲከስር አይከፍልም።

አሥሩ ሚሊዮን ለምን መጣ?

የሊንድሴይ ባንክ ሲዘጋ እስከ 250 ሺህ ዶላር የነበራቸው ሰዎች ምንም አላጡም። ከዚያ በላይ የነበራቸው ግን ከጣሪያው ካለፈው ገንዘባቸው ወዲያው ያገኙት 50 በመቶውን ነው፤ ቀሪው የባንኩ ንብረት ሲሸጥ በሚገኘው ላይ ይወሰናል። በሲሊከን ቫሊ ባንክ ደግሞ ከተቀማጩ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከመድን ጣሪያ በላይ ነበር፤ አስቀማጮቹ በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ሲያወጡ መንግሥት ጉዳዩ መላውን ሥርዓት ያሰጋል ብሎ ሁሉንም ከፈለ። የትንሹ ከተማ ነጋዴ ከዚህ የሚማረው ግልጽ ነው፤ ለደመወዝ ያዘጋጀሁትን ገንዘብ ትልቅ ባንክ ውስጥ ባስቀምጠው ይሻለኛል።

መድኑን ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚያሳድገው ረቂቅ ሕግ ደጋፊዎች ለማስቀረት የሚፈልጉት ይህን ፍልሰት ነው፤ ክርክራቸውም የፍትሕ ክርክር ነው። ተቃዋሚዎቹ ሁለት ነገር ያነሣሉ። አንደኛ፣ የመድን ፈንዱ የሚሞላው ባንኮች ራሳቸው በሚከፍሉት ዐረቦን ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ሂሳብ የሌላቸው ትናንሽ ባንኮች ለመካከለኞቹ ጥቅም ሊከፍሉ ይችላሉ። ሁለተኛው የጠለቀ ነው። 3 ሚሊዮን ዶላር ያለው አስቀማጭ ገንዘቡ ሙሉ መድን ከሌለው ባንኩን በዓይኑ ይከታተላል፤ ካለው ግን ግድ የለውም። መድኑ ሲሰፋ አንድ የቁጥጥር ዓይን ይጨፈናል ማለት ነው። ይህ እርግጥ ቢሆንም መጋነን የለበትም፤ የሊንድሴይ ባንክ ሐሰተኛ መዝገብ ኦሲሲን ለጊዜው ካታለለ የከተማዋን ነጋዴ ማታለሉ አያስገርምም። ይሁን እንጂ አደጋው ያለው በድምሩ ነው። በአንድ ወቅት አስቀማጩ እንዳይከታተል መድን ከሰፋ፣ የውጭ ኦዲተሩ ከቀረ፣ የመርማሪው ትኩረትም ከሂደት ከተነሣ፣ አለቃውን የሚያየው ማን ይቀራል?

የሚቀረው ቦርዱ

የሚቀረው የዳይሬክተሮች ቦርድ ነው። በትንሽ ከተማ ቦርዱ የሚዋቀረው ከአካባቢው ገበሬ፣ ከመኪና ሻጭ፣ ከጠበቃና ከጡረተኛ መምህር ነው። ቅን ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን ሊቀመንበሩ ያቀረበውን ሪፖርት ከማንበብ አልፈው ጥሬ መዝገቡን አይጠይቁም። ብዙ ባንኮች የቤተሰብ ንብረት ስለሆኑ ዋና ባለአክሲዮኑ፣ የቦርዱ ሰብሳቢና ዋና ሥራ አስፈጻሚው አንድ ሰው ወይም አባትና ልጅ ይሆናሉ።

የመተካካት ጥያቄም እዚህ ጋር ይገናኛል። ለጡረታ የደረሱ ፕሬዚዳንቶች ብዙ ናቸው፤ ወጣት የባንክ ባለሙያ ወደ ገጠር ከተማ መሳብ አስቸጋሪ ነው። ተተኪ ያልተዘጋጀለት ባንክ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ለትልቅ ባንክ መሸጥ ነው። ያልተሸጠው ደግሞ በአንድ አዛውንት እጅ ይቆያል፤ የይለፍ ቃሉም፣ የደንበኛው ታሪክም፣ የሐዋላው ሥልጣንም በእሳቸው ዘንድ ይከማቻል። መተካካት የሰው ኃይል ጉዳይ ተደርጎ ቢታይም፣ ሥልጣን በአንድ እጅ እንዳይከማች ስለሚያደርግ የደኅንነት ጉዳይም ነው።

በሚቀጥሉት ዓመታት ማቅለሉ የሚቀጥል ይመስላል፤ ለብዙዎቹ ባንኮችም እፎይታ ይሰጣል፣ አዲስ ባንክ ለማቋቋም የሚፈልጉትንም ሊያበረታታ ይችላል። ውህደቱ ይቆማል ብሎ መጠበቅ ግን አይቻልም፤ ምክንያቱ ከደንብ የሰፋ ነውና። የሚያሳስበው፣ ምርመራዎቹ በተራራቁ ቁጥር የውስጥ ስርቆት ሳይታወቅ የሚቆይበት ጊዜ መርዘሙ፣ ሲገኝም ኪሳራው ገዝፎ መገኘቱ ነው። የሃርትላንድ ውድቀት ብቻ የመድን ፈንዱን ወደ 54 ሚሊዮን ዶላር አስወጥቶታል። አስቀማጮቹ ምንም አላጡም፤ ቅርንጫፎቹ በሚቀጥለው ሰኞ በሌላ ባንክ ስም ተከፈቱ። አክሲዮን የነበራቸው የአካባቢው ሰዎች ግን ድርሻቸው ጠፋ።

ይህን የሚከላከሉት ዘዴዎች ብዙ ቅጽ አይጠይቁም። ዋና ሥራ አስፈጻሚውም ቢሆን ብቻውን ሊያነሣው የማይችል የሐዋላ ጣሪያ፣ ከአለቃው ሳይሆን ከቦርዱ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ የውስጥ ኦዲተር፣ ለሠራተኛ በግዛቱ ኮሚሽነር ዘንድ የሚታወቅ የስልክ ቁጥር ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ከሁሉ የሚያስገርመው በጣም ቀላሉ ነው። ማንኛውም ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ኃላፊ በዓመት አንድ ጊዜ ሳያቋርጥ ሁለት ሳምንት እረፍት እንዲወጣ፣ በዚያ ጊዜም ሥራውን ሌላ ሰው እንዲይዘውና እሱ ከርቀት እንዳይገባ ተቆጣጣሪዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይመክራሉ። ሐሰተኛ መዝገብ በየቀኑ የሚንከባከበው ሰው ይፈልጋልና፣ የተደበቀ ብድር በሁለት ሳምንት ውስጥ ብቅ የማለት ዕድሉ ሰፊ ነው። ምክሩ ግን እስካሁን ምክር ብቻ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ እረፍት ይውጣ አይውጣ የሚወስነው የየባንኩ ቦርድ ነው።